ባለቤቱ የማያነበው ጋዜጣ

አሶሳ ከመጣሁ ሰባት ዓመት ሆኖኛል። ትውልዴ ጎጃም ነው፤ የአማርኛ መምህር ነኝ። ድምፄ ጥሩ እንደሆነ ሰው ሲነግረኝ ያደግሁ ነኝ። ይህን ከመነሻው የማወራው ለመኩራራት አይደለም። ኧረ ትንሽ ለመኩራራትም ነው። ግን ከዚህ በታች የምተርከው ጣጣ ሁሉ የመጣው በዚሁ ድምፅ ስለሆነ፣ አንባቢ ከወዲሁ ቢያውቀው ይሻላል።

ከቤታችን ዝቅ ብሎ ከአንድ ትልቅ ማንጎ ሥር ሻይ ቤት አለ። ባለቤቱ በዕድሜ የገፉ የበርታ ብሔረሰብ ሰው ናቸው፤ ሰፈሩ በሙሉ «ሼሁ» ይላቸዋል። መስጊድ ውስጥ ስለሚያስተምሩ አይደለም፤ የተናገሩትን የማያጥፉ ሰው ስለሆኑ ነው። ጠዋት ፉል፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ዝንጅብል የበዛበት ሻይና ቀርቀዴ የሚባለውን ቀይ የአበባ መጠጥ ይሸጣሉ። ከዚህ ሌላ ደግሞ አንድ ጋዜጣ አላቸው። በሰፈራችን በየሳምንቱ ጋዜጣ የሚያስመጡት እሳቸው ብቻ ናቸው። ማንበብ ግን አይችሉም።

መጀመሪያ ሲነገረኝ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ጋዜጣው አዲስ አበባ ቅዳሜ ይወጣል። አንድ የአውቶቡስ ሹፌር ይገዛላቸውና በነቀምት፣ በባምባሲ አድርጎ ማክሰኞ ከመናኸሪያ ያስረክባቸዋል። በመንገድ ላይ ተሳፋሪው ሁሉ ስለሚቀባበለው፣ እኛ ዘንድ ሲደርስ አግድምና ቁልቁል የሚሞላው የቃላት ጨዋታ አልቆ ነው፤ ያውም ግማሹ በስህተት ተሞልቶ። አንድ ጊዜ የአንድ ባለሥልጣን ፎቶ ጢም ተስሎለት ደርሷል። ሼሁ ፎቶውን ሲያዩ «ይሄ ሰውዬ ሸምግሏል» አሉ።

በዚህ በስልክ ዘመን የሦስት ቀን ወሬ ምን ይሠራል የሚላቸው ሰው አልጠፋም። እኔም አንድ ቀን ጠይቄያቸዋለሁ። እሳቸው ጋዜጣን «ጀሪዳ» ነው የሚሉት።

«ስልክ ላይ ያለው ከላም ፋዲ ነው» አሉኝ፤ ባዶ ወሬ ማለታቸው ነው። «ማን ጻፈ? አይታወቅም። ጀሪዳ ግን ባለቤት አለው። ከዋሸ ቤቱን ታውቃለህ፣ ሄደህ ትከሰዋለህ።»

«ባለቤቱማ አዲስ አበባ ያለ ድርጅት ነው እኮ ሼህ» አልኳቸው።

«አዲስ አበባ ላይ የነሱ ነው» አሉ። «አሶሳ ከገባች በኋላ የኔ ነው።»

እውነትም የሳቸው ነበር። ጋዜጣው በአረንጓዴ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከብርጭቆዎቹ መደርደሪያ በታች ይቀመጣል። ከሰዓት በኋላ ከሚሰገደው የአስር ሰላት ሲመለሱ ያወጡታል፤ ከሳቸው በፊት የሚገልጠው የለም። ከዚያ በሻይ ቤቱ ውስጥ መደገፊያ ላለው ብቸኛ ወንበር ባለመብት ያስረክቡታል። ያ ወንበር የአንባቢ ነው። ሌላው ሰው አግዳሚ ላይ ይቀመጣል። ቀድሞ የሚያነብላቸው የፍርድ ቤት ጸሐፊ ወደ ገነተ ማርያም ተዛውሮ ሲሄድ ወንበሩ ባዶውን ቀረ፤ እኔም ስለ ድምፄ ወሬው ቀድሞኝ ደርሶ ነበርና ተጠራሁ። ሼሁ ዓይናቸውን ጨፍነው አንድ ዓምድ ሙሉ አዳመጡኝ። ሲያልቅ «ያ ኡስታዝ፣ ተቀመጥ» አሉኝ። ኡስታዝ መምህር ማለት ነው። የተመረቅሁ ዕለት እንኳ እንደዚያ አልኮራሁም።

አማርኛ የማይገባቸው በርታዎች ስለነበሩ አስተርጓሚም ነበረን፤ በረንዳው ላይ ሲንጀር የስፌት መኪናውን ዘርግቶ የሚውለው ልብስ ሰፊ ነው። ይህ ሰው ዋና አዘጋጅ ሊባል ይገባዋል። እኔ ግማሽ ገጽ ሙሉ የስብሰባ ዜና አነብለታለሁ፣ እሱ «ተሰበሰቡ» ብሎ ይጨርሰዋል። እኔ ስለ ማንጎ በሽታ ሁለት መስመር አነባለሁ፣ እሱ ግን መኪናውን አቁሞ፣ እጁን እያወናጨፈ ሩብ ሰዓት ያወራል። ምን እንደሚጨምር እስከ ዛሬ አላውቅም። ብቻ ሰው በሳቅ ይፈርሳል።

እሱን እያየሁ ነው መሰለኝ እኔም የለመድኩት። መጀመሪያ አሰልቺውን መዝለል ጀመርኩ። ቀጥሎ የደረቀ ዜና ላይ እንደ ወጥ ጨው ጣል ማድረግ መጣ። «ነዋሪዎቹ ደስታቸውን ገለጹ» የሚለውን «ነዋሪዎቹ በእልልታ ደስታቸውን ገለጹ» ብለው ማን ይጎዳል? አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም የተባለው ለእንደኔ ያለው ነው።

ያኔ የሰፈራችን ቦኖ ከተበላሸ ወራት አልፎት ነበር። ሴቱ በሙሉ ቢጫ ጀሪካኑን ይዞ ሌላ ሰፈር ይሰለፋል፤ የቸኮለው በባጃጅ ያስጭናል። ባለቤቴ አንድ ማክሰኞ ሁለት ጀሪካን አንጠልጥላ ገባችና ገና ከበሩ ላይ ጀመረችኝ።

«የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት እኛ ነን። ለመሆኑ ያ በየሳምንቱ የምትጮኽበት ጋዜጣ ስለኛ ቦኖ አንድ ቀን ጽፎ ያውቃል?»

«አያውቅም» አልኳት።

«ታዲያ ምን ያደርግልሃል?»

እንደ ነደደኝ ወደ ሻይ ቤቱ ሄድኩ። ጥግ ላይ እንደ ወትሮው የውሃ ቢሮው ሠራተኛ ተቀምጧል። የወለጋ ልጅ ነው፤ ጨዋ፣ ዝምተኛ፣ ቀርቀዴ ወዳድ። ሰው ስለ ቦኖው ሲጠይቀው «ለበላይ አሳውቀናል» ይላል። ጋዜጣው ያን ዕለት ከዳር እስከ ዳር ጨረታ ነበር። ገለጥኩ፣ አልፌ ገለጥኩ፤ ቄሱም ዝም መጽሐፉም ዝም። የውሃውን ሰውዬ አየሁት። ቀርቀዴውን ፉት ይላል። ከዚያ ድምፄን ጠራረግሁና ከአንድ የሲሚንቶ ማስታወቂያ ላይ እንዲህ ብዬ አነበብኩ፦

«በአሶሳ ከተማ የአንድ ሰፈር ነዋሪዎች የቦኖ ውሃ ከተቋረጠባቸው ወራት ማስቆጠሩን ገልጸው ቅሬታቸውን አሰሙ። ስማቸው እንዳይገለጽ የፈለጉ አንዲት እናት እንዳሉት፣ የሚመለከተው አካል በየቀኑ ሻይ እየጠጣ ችግሩን ለበላይ አሳውቄያለሁ ከማለት ሌላ ያደረገው ነገር የለም።»

ልብስ ሰፊው መኪናውን አቆመ። ሲተረጉም አንድም ቃል አልቀነሰም፤ ቢጨምር እንጂ። ሰው ሁሉ ወደ ጥጉ ዞረ። የውሃው ሰውዬ ቀርቀዴው ትን አለው፣ «ያ ዋቅ!» ብሎ በኦሮምኛ አምላኩን ጠራ፣ አፉን ጠረገና ተነሥቶ ወጣ። እኔ ጋዜጣውን አጥፌ ለሼሁ መለስኩ። እንዲህ ያለ ደስታ ተሰምቶኝ አያውቅም።

በማግስቱ እኔ ክፍል ሳለሁ ሰውዬው ተመልሶ መጣ። አለቃው «የታለ? አሳየኝ» ብሎ ልኮታል። ሼሁ ጋዜጣቸው ከቤታቸው እንደማይወጣ ነገሩት። ግን ቃላቸውን ሰጡት።

«ለአለቃህ ንገር» አሉት በተሰባበረ አማርኛቸው። «ወላሂ ተጽፏል። እኔ በጆሮው ሰምቷል።»

በአሶሳ የሼሁ ወላሂ ከማኅተም አያንስም። አለቃው ጋዜጣውን ሳያይ ባለሙያ ላከ፤ ዓርብ ከሰዓት ቦኖው ተከፈተ። ሴቶቹ እልል አሉ፤ ባጃጅ ነጂዎች ወሬውን ይዘው ከተማውን አዳረሱት። እሑድ ከሌላ ሰፈር ሁለት ሰዎች መጡና ስለ መንገድ መብራታቸው ጋዜጣው ላይ እንዳነብላቸው በትሕትና ለመኑኝ። አንዱ የጠፋች ፍየሉን ጨምርልኝ አለ። እኔ አገጬን እያሻሸሁ «እናያለን» አልኳቸው፤ የማየው ነገር እንዳለ ሁሉ።

ባለቤቴ ግን ውሃውን እየቀዳች ዓይን ዓይኔን አየችኝ።

«ስማቸው እንዳይገለጽ የፈለጉ እናት እኔ ነኝ?»

«ጋዜጠኛ ምንጩን አይናገርም» አልኳት። ሳቀች። ከዚያ ሳቋን አቆመችና «ሼሁ ያውቃሉ?» አለችኝ። ወሬ ቀየርኩ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ የኔውስ ሰኞ ጠራ። አለቃው ችግሩ መፈታቱን ለጋዜጣው በደብዳቤ ሊያሳውቅ ፈልጎ፣ ገጹን መዝግበህ ና ብሎ የውሃውን ሰውዬ ላከው። ሼሁ በደስታ ጨርቁን ፈቱለት። ሰውዬው ከራስጌ እስከ ግርጌ አነበበው፤ ጨረታውን፣ የሐዘን መግለጫውን፣ በስህተት የተሞላውን የቃላት ጨዋታ ሳይቀር። እንደገና አነበበው። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ ጋዜጣው ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ፣ ሼሁ ከፊቱ ቆመው ደረስኩ።

«ያ ኡስታዝ» አሉ ቀስ ብለው። «የት ነው?»

የሲሚንቶውን ማስታወቂያ አየሁት።

«የለም ሼህ» አልኩ። «እኔ ነኝ የጨመርኩት።»

ይቆጡኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ቢቆጡኝ በወደድኩ። ጋዜጣውን በእጃቸው ዳሰሱት፣ አጣጠፉት።

«እኔ አያነብም» አሉ። «ጀሪዳዋ የኔ ነው፤ ዓይን ግን ያንተ ነው። እኔ በዓይንህ ማለ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር። ውሃው መጥቶ የለም ወይ፣ ማን ተጎዳ የሚል ክርክር በሆዴ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ተውኩት። ሰባ ዓመት በሐሰት ያልማለ ሰው በኔ የተነሣ ምሏል።

ሼሁ ወደ ውሃው ሰውዬ ዞሩ። «የአዲስ አበባው ጀሪዳ ሲሳሳት ምን ያደርጋል?»

«እርማት ያወጣል» አለ ሰውዬው።

«ኻላስ፣ አለቀ። ነገ የኔም ያወጣል።»

ማክሰኞ እንደዚያ ሰው ሞልቶ አያውቅም። የመንገድ መብራቶቹ ሰዎች መጡ፣ ባለ ፍየሉ መጣ፤ ባለቤቴም ጀሪካኗን እንደያዘች ዳር ቆመች። አዲሱን ጋዜጣ ከፍ አድርጌ ያዝኩና በዚያው በለመድኩት የዜና ድምፅ፣ ባለፈው ሳምንት ስለ ቦኖው የተነበበው በጋዜጣው ላይ ያልነበረ መሆኑን፣ አንባቢው ከራሱ አውጥቶ እንደጨመረው፣ የጋዜጣውን ባለቤትና የውሃ ቢሮውን ሠራተኛ ይቅርታ እንደሚጠይቅ አነበብኩ። ሁለት መስመር ነች። ልብስ ሰፊው ግን ሩብ ሰዓት ተረጎማት። ሕዝቡ እንባው እስኪፈስ ሳቀ፣ ምን እንዳለ የነገረኝ የለም። የውሃው ሰውዬ እጁን አወጣ።

«መምህር፣ እንግዲህ ቦኖውን መልሰን እንስበረው?»

ሴቶቹ ጮኹበት። ባለቤቴ ጀሪካኗን አነሣችበት። ሼሁም ሳቁ፤ እኔም በሳቃቸው ነገሩ ያለቀ መሰለኝ። ሻይ ሲቀዱ ግን አንድ ነገር አየሁ። ሼሁ ከእያንዳንዱ ማንቆርቆሪያ ሻይ የመጀመሪያውን ብርጭቆ ራሳቸው ሳይቀምሱ ለሰው አይሰጡም ነበር። ያን ዕለት ለሁሉም ቀዱ፤ አንዱንም አልቀመሱም።

«ጾም ነው» አለኝ ልብስ ሰፊው በጆሮዬ። «ለመሐላው ካሳ ሦስት ቀን። ሳያውቅ ነው የማለ፣ አይቆጠርበትም ብለን ነገርነው። እምቢ አለ። ከአፌ ነው የወጣው አለ።»

ሦስቱን ቀን ከትምህርት ቤት መልስ ከቦኖው ውሃ እየቀዳሁ ለሻይ ቤቱ አመላለስኩ። ያዘዘኝ የለም። ሴቶቹ ወረፋ ላይ ሲያዩኝ «ዋና አዘጋጁ መጣ» እያሉ ተጫወቱብኝ፤ አንዷማ ጀሪካን አያያዝ አስተማረችኝ። ሐሙስ ፀሐይ ስትጠልቅ ሼሁ ጾማቸውን በአንድ ቴምርና እኔ ባመጣሁት አንድ ብርጭቆ ውሃ ፈቱ። ቀስ ብለው ጠጡት።

«ጥሩ ውሃ ነው» አሉ። ከዚያ «አሁን ጻፍ» አሉኝ።

«ምን ልጻፍ?»

«እኔ ተጽፏል አለ። እንግዲህ ይጻፋ። ለጀሪዳው ላክ። ውሃ ጠፋ፣ ኡስታዝ ዋሸ፣ ሼህ ማለ፣ ውሃ መጣች። ሁሉንም፣ ያለውን ብቻ።»

ጻፍኩ። እሳቸው «አንብብልኝ» አሉና አስነበቡኝ። ለዓመታት ሳነብ አንድም ነገር ሳልጨምር ያነበብኩት ያን ብቻ ይመስለኛል። ሹፌሩ ደብዳቤዬን ይዞ ሄደ።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ጋዜጣው መጣ። ሼሁ ጨርቁን ፈቱ። «ወጣ?» አሉ።

«አልወጣም ሼህ።»

በሚቀጥለውም አልወጣም። ከዚያ በሚቀጥለውም። ክረምቱ ገባ፣ መንገዱ ተበላሸ፣ ጋዜጣው ሐሙስና ዓርብ እየደረሰ፣ አንዳንዴም ርሶ መጣ። በመጣ ቁጥር «ወጣ?» ይላሉ። «አልወጣም» እላለሁ። ይህቺን ቃል እንዴት እንደጠላኋት! ሼሁ ያንን መሐላቸውን እውነት ሆኖ ለመስማት እንዴት እንደጓጉ ፊታቸው ይናገራል። «ወጣ» ብላቸው አያዩትም፤ አንድ ቃል ብቻ ነበር። የውሃው ሰውዬ እንኳ አንድ ቀን ከመንገድ ላይ አስቁሞ «ምን አለበት መምህር፣ ወጥቷል በላቸውና ይረፉ፤ እኔም አላጋልጥህም» ብሎኛል። ደግ ልጅ ነው። እኔ ግን የዚያችን ሼሁ ያልቀመሷት የሻይ ብርጭቆ ነገር አልረሳሁም።

መስከረም ካለፈ በኋላ፣ ማንም ሳይጠብቀው፣ አንድ ማክሰኞ ገለጥኩት። ከአንባቢያን ደብዳቤዎች ገጽ ግርጌ፣ በትንንሽ ፊደል፣ የኔው ቃል።

«ወጣ?» አሉ ሼሁ፣ ከልማድ ብቻ።

«ወጣ ሼህ።»

ሻይ ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። ልብስ ሰፊው መኪናውን አቁሞ መተርጎሙን ትቶ ይስቃል። «እንኳን ደስ ያለህ፣ ሲሚንቶው ላይ ነው?» አለ አንዱ። የውሃው ሰውዬ ከጥጉ ተነሣና እጁን ዘረጋ። «መምህር፣ አምጣው እኔ ልየው።» ስጠው ስጠው ይላል ሰዉ። አልተቀየምኩም፤ የዘራሁትን ነው ያጨድኩት። እሱ ያንብበው ብዬ ጋዜጣውን ልሰጠው ብድግ አልኩ።

ሼሁ የሻይ ማንቆርቆሪያውን አስቀመጡ። በእኔና በሰውዬው መካከል ገቡና የተዘረጋውን እጅ በቀስታ መለሱት። ጋዜጣውን አላዩም። የት ገጽ ላይ እንደሆነም አልጠየቁም።

«ወላሂ ተጽፏል» አሉ።

ሦስት ቀን ጾም ምን እንደሆነ የሚያውቁ ሰው ናቸው ይህን ያሉት።

«ተቀመጥ ኡስታዝ» አሉኝ። «አንብብ።»

ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩና የመጀመሪያውን መስመር አነበብኩ። ሁለተኛው ላይ ስደርስ፣ ያ ሰው ሁሉ የሚያመሰግነው ድምፄ እምቢ አለኝ።